ሽማግሌ የተላከባት አንባቢ

ድሮ ሽማግሌ ወደ ሰው ቤት የሚላከው ልጃገረድ ለመጠየቅ ወይም ባልና ሚስት ለማስታረቅ ነበር። በሁለት ሺህ ዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት ኮምቦልቻ ላይ ግን ሽማግሌ በአብዛኛው የሚላከው ላላነበበ ሰው ነው። ሦስት ሆነው ይመጣሉ። ደፉን አልፈው ይቆማሉ። ወንበር ቢሰጣቸው አይቀመጡም፣ ውሃ ቢቀርብላቸው አይቀምሱም። ያ ሰነፍ የተባለው ሰው “አነባለሁ፣ ራሴን አሻሽላለሁ” ብሎ ቃሉን ሲሰጥ ነው ተቀምጠው የሚመርቁት። በማግስቱ ወሬው ሰፈሩን ያዳርሳል። ሽማግሌ የተላከበት ሰው ዳቦ ቤት ሰልፍ ሲይዝ ከፊቱም ከኋላውም ያለው ሰው ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ ስንፍና የሚጋባ ይመስል።

አቶ ይርዳው ይህን ሥርዓት ጠንቅቆ ያውቀዋል። የከተማው ውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው። የንባብ ደረጃው ዘጠኝ ነው፤ ዘጠኝ የደረሰ ሰው በከተማው ከአርባ አይበልጥም። ራሱም ሽማግሌ ሆኖ ዘጠኝ ቤት ሄዷል። አንድ ጊዜ ባሏ በሞተ በሁለተኛው ወር አንዲት ሴት ፊት ቆሞ “ሐዘን ላለማንበብ ምክንያት አይሆንም” ብሎ ነበር። አባባሉ ተወደደለትና በእድሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተጻፈ። ይርዳው በአደባባይ ከተናገራቸው ቁም ነገሮች ሁሉ በገዛ ራሱ ያሰበው ያንን ብቻ ነው።

ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ሽማግሌዎቹ ወደ እሱ ቤት መጡ። የተላኩት ግን በእሱ ላይ አይደለም፤ በሚስቱ በስንዱ ላይ ነው።

የስንዱ ደረጃ ሁለት ነው። መዝገቧ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ አስራ አንድ መጽሐፍ አንብባለች ይላል፤ ከእነዚያም ሦስቱ ስለ ወጥ አሠራር ናቸው። የንባብ ጽሕፈት ቤቱ ሦስት ማስጠንቀቂያ ልኮላታል። አራተኛው ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን የአውቶቡስ ቲኬት ነበር፦ ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ ሚሌ በረሃ አጠገብ ወዳለው ማሻሻያ ቤት፣ ለስድስት ወር። ሽማግሌ የሚላከው እንግዲህ ሰው ተጎትቶ ሳይሆን በፈቃዱና በምርቃት እንዲሄድ ነው።

ስንዱን ስድስቱ ወር ራሱ አልከበዳትም። የከበዳት ወሩ ነው። ልጃቸው ረድኤት የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። ባሏ መርከበኛ ነው፤ አሁን የት ባሕር ላይ እንዳለ እሱም በትክክል አያውቅም። ስለዚህ እናቷ ቤት ልትታረስ ሻንጣዋን ይዛ መጥታለች። ስንዱም ገብሱን አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ፣ አልጋውን ከመስኮቱ ራቅ አድርጋ ትጠብቃታለች። ሰኞ ከሄደች ግን ረድኤት የምትወልደውም የምትታረሰውም ያለ እናቷ ነው። ይህን ማስቀረት የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ። እሱም ይርዳው ነው፤ እውነቱን ቢናገር።

እውነቱ ይህ ነው። ሁሉም ሰው የየራሱ የንባብ መነጽር አለው፤ መጽሐፉ የሚከፈተውም ስላነበበው የሚጠየቀውም በእሱ ነው። መነጽሩ ጠዋት አንዴ የባለቤቱን ዓይን ካየ እስከ ማታ ሌላ አይጠይቅም፤ ከዚያ በኋላ መነበቡንና ጥያቄው መመለሱን እንጂ ማን እንዳነበበና ማን እንደመለሰ ግድ የለውም። የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት ይርዳው ወባ ያዘው። የሳምንቱ ስምንት ሰዓት ካልሞላ ደረጃው ከሦስት ወደ ሁለት ሊወርድ፣ ያን ሰሞን የታጨበት ሹመትም ሊያመልጠው ሆነ። ስንዱ “አምጣው እስቲ፣ እኔ ላንብብልህ” አለችው። አነበበችለት። እሱ ከወባው ዳነ፣ ከልማዱ ግን አልዳነም። በሚቀጥለው ሳምንት ደክሞት ነበር፤ በሌላው ስብሰባ በዝቶበት ነበር። ከዚያ ወዲያ ምክንያት መደርደሩንም ተወው። ጠዋት ጠዋት መነጽሩን አንዴ ዓይኑ ላይ ያደርግና ጠረጴዛ ላይ ትቶት ይወጣል፤ ስንዱ ታነሳዋለች። የራሷ መነጽር መሳቢያ ውስጥ አቧራ ለበሰ። አንድ ሰው ለሁለት መዝገብ የሚበቃ ጊዜ ከየት ያመጣል?

ስለ አነባበቧ ትንሽ መናገር ይገባል፤ ሌላ ቦታ አልተመዘገበምና። ስንዱ አንድ ምዕራፍ ስትጨርስ መነጽሩን ታወልቅና ዓይኗን ጨፍና ያነበበችውን በራሷ አፍ ለራሷ ትተርካለች። የጠፋባት ቦታ ስትደርስ “ቆይ” ትላለች፤ ተመልሳ ታየዋለች። ያልገባትን በሦስተኛው ቀን እንደገና ትገልጠዋለች። ያልተስማማችበትን ደራሲ ልብስ እያጠበች ትሞግተዋለች፤ አንዳንዴም ትረታዋለች። የምትሠራው ችግኝ ጣቢያ ነው። ከጓደኞቿ ጋር በየከረጢቱ አፈር እየሞላች ያነበበችውን እንደ ሰፈር ወሬ ታወራላቸዋለች። “የዚያች ንግሥት አማት እንዴት ሆነች?” ብለው ሲጠይቋት ጎረቤቷን የምታማ ይመስላቸዋል። በዚህ ዓይነት አራት ሴቶች ብዙ የታሪክ መጻሕፍትና አንድ ወፍራም የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ሳያውቁት ተምረዋል።

እሑድ እሑድ ደግሞ ለይርዳው ትነግረዋለች። እሱ ከነገረችው ላይ ለስብሰባ የሚሆነውን ለቅሞ ይይዛል። ሰው ያጨበጭብለታል።

አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት እራት ላይ ስለ አንድ መጽሐፍ ጠየቁትና ጠፋበት። ስንዱ ሰው አይቶ ሳይታዘበው ቶሎ ብላ መለሰችለት። የጠየቁት ሰዎች ዞር ብለው አዩአት። ይርዳው ሳቅ ብሎ፣ “እሷ እኮ እኔ ያነበብኩትን ሰምታ ያነበበች ይመስላታል” አለ። ገበታው በሙሉ ሳቀ። ስንዱም አብራ ሳቀች። ቤት ሲገቡ አልተቆጣችውም፣ አላኮረፈችም፤ ቢሆንም ያ ሳቋ በታወሰው ቁጥር ይርዳው ብቻውን ሆኖ እንኳ ጆሮው ይግላል።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት በሩ ተንኳኳ።

ፊት የገቡት አቶ ድልነሳው ናቸው፤ መኪና በሰው እጅ ይነዳ በነበረበት ዘመን የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩ፣ ሰውን ሲያዩ መንገድ የሚያዩ የሚመስሉ ሽማግሌ። ተከትለዋቸው ሐጂ ኑርዬ ገቡ፤ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ዕንባቸው ቅርብ ነው። ሦስተኛዋ ጸዳለ ከጽሕፈት ቤቱ የተመደበች ናት፤ የምትናገረው ትንሽ፣ የምትጽፈው ብዙ ነው።

“ሰላም ለዚህ ቤት። ምን እያነበባችሁ ነው?” አሉ አቶ ድልነሳው። በዘመኑ ይህ ተራ ሰላምታ ነው፤ መልስ የሚጠብቅበት የለም። ስንዱ ግን አንገቷን ደፋች።

“እንደምን ዋላችሁ፤ ግቡ፣ ተቀመጡ” አለ ይርዳው።

“ሳንሰማ አንቀመጥም” አሉ አቶ ድልነሳው።

ይርዳው ራሱ ዘጠኝ ቤት የተናገራት ቃል ናት። ከዚህኛው ጎን ስትሰማ እንዲህ እንደምትቀዘቅዝ አያውቅም ነበር።

ሐጂ ኑርዬ ጀመሩ። “ስንዱ ልጄ፣ በክፉ አላየንሽም። ታታሪ ነሽ፣ ቤትሽ ንጹሕ ነው፣ ለሰው ሐዘን ቀድመሽ ደራሽ ነሽ። ግን እንዲህ ያለ ባል አጠገብሽ እያለ ደረጃ ሁለት? ውሃ ዳር ተቀምጦ በጥም መሞት ማለት ይኼ አይደለም እንዴ?”

“ልክ ብለዋል፣ አባቴ” አለች ስንዱ።

“ባለፈው መስከረም ባልሽ እድሩ ላይ ስለዚያ ድልድይ ሠሪ የነገረንን ሰምተሽ የለም? ሰውየው ልጁን ለድልድዩ ብሎ የሸጠው? እኔ እንኳ በዚህ ዕድሜዬ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።”

“አልሸጠውም” አለች ስንዱ፣ ቀና ሳትል። “ለአንድ ድንጋይ ጠራቢ አደራ ነው የሰጠው። በኋላ ሊወስደው ተመልሶ ሄዷል። አልመጣም ያለው ልጁ ነው።”

የጸዳለ እስክሪብቶ ቆመ። አቶ ድልነሳው ከስንዱ ወደ ይርዳው፣ ከይርዳው ወደ ስንዱ አዩ። ይርዳው አፉ ቀደመው፤ “እኔ ሳወራ ትሰማለች” አለ።

“አያችሁ?” አሉ ሐጂ ኑርዬ ደስ ብሏቸው። “ከደህና ሰው ጋር የዋለ ደህና ነገር ይዞ ይገባል። ጆሮዋ ይሠራል፤ የሰነፈው ዓይኗ ነው።”

ስንዱ ጣቶቿን ታይ ነበር። ጥፍሮቿ ሥር የችግኝ አፈር አለ። ይርዳው እሷን ላለማየት ግድግዳውን አየ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ የእሱ የዘጠነኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። ሐፍረቱ ከእግሩ ጀምሮ ሲወጣ ይሰማዋል።

በዚህ መሐል የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ረድኤት ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ወጣች። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች እንግዳ ፊት “እማዬ የአባዬን መነጽር ለምንድን ነው የምታደርገው?” ብላ ጠይቃ ነበር። ያኔ ይርዳው በዓይኑ ገረፋት፤ ከዚያ ወዲህ ጠይቃ አታውቅም። አሁንም የተናገረችው አንድ ቃል ነው።

“አባዬ” አለች።

ይርዳው እንዴት እንደ ጀመረ አያስታውስም። “እኔ አይደለሁም” ሲል የገዛ ድምፁን ሰማው። “ያነበብኩት እኔ አይደለሁም። እሷ ናት። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በእኔ መነጽር። ድልድይ ሠሪውንም፣ ሌላውንም፣ ሁሉንም። እኔ ከዚያ ወዲህ አንድ መጽሐፍ ጨርሼ አላውቅም። ወደ ማሻሻያ ቤት የሚሄድ ካለ እኔ ነኝ።”

ስንዱ ቀና አለች። በሃያ ምናምን ዓመት ትዳር ይርዳው ብዙ ፊቷን ያውቃል፤ ይኼኛውን ግን አያውቀውም። ፊቷ እንደ ልጅ ፊት ክፍት ብሎ ነበር።

ሐጂ ኑርዬ መሐረባቸውን አወጡ። “አላህ ይጠብቅህ” አሉ፣ ዓይናቸውን እየጠራረጉ። “ንባብ ማለት ይኼ ነው። ይኸው ነው። ለሚስቱ ሲል የገዛ ስሙን ጭቃ ውስጥ የሚከት ሰው ዛሬ ከወዴት ይገኛል? ጸዳለ፣ ይህን ጻፊልኝ፤ እድሩ ላይ እናገረዋለሁ።”

“እውነቴን ነው፣ ሐጂ” አለ ይርዳው። ድምፁ ግን ከቅድሙ ዝቅ ብሏል።

አቶ ድልነሳው አላለቀሱም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን መነጽር አዩት። “ነገሩ ቀላል ነው” አሉ። “መነጽሩ ይኸው። ስንዱ ታድርገውና ጸዳለ ትጠይቃት፤ ከዚያ አንተን ትጠይቅህ። በሩብ ሰዓት ይለያል። እውነት ሆኖ ከተገኘ የእሷ ጉዞ ይቀራል፣ ያንተ መዝገብ ይሰረዛል፣ ሰኞ አውቶቡሱ ላይ የምትወጣው አንተ ነህ፤ ከተማውም ያውቃል። ለሚስትህ ብለህ ያልከው ከሆነ ደግሞ ደግ ነገር ነው፤ ሰምተን እንረሳዋለን። የቱ ነው?”

ይርዳው ስለ ሚሌ ሙቀት አላሰበም። ስለ ሹመቱም ብዙ አላሰበም። ያሰበው የዳቦ ቤቱን ሰልፍ ነው፤ ከፊቱም ከኋላውም ሰው ፈቀቅ ሲል። ያሰበው ያቺን ባሏ የሞተባትን ሴት ነው፤ ሰልፉ ላይ ቆማ ስታየው፣ ምንም ሳትናገረው። ረድኤት ትንፋሿን ይዛ እንደምትጠብቅ ያውቃል። ስንዱ እጇን ወደ መነጽሩ ትንሽ እንደ ዘረጋች አይቷል።

“ያው...” አለ። “ሰው ለሚስቱ ሲል ምን የማይለው ነገር አለ።” ሳቅ ለማለት ሞከረ፤ ወጣለት።

ደረቱ ላይ የነበረው ነገር ወረደ። ቀለል አለው፤ እንዲያውም ደስ አለው። በኋላ ለራሱ ይቅር ሊል ያልቻለው መዋሸቱን አይደለም፤ መዋሸትማ ሃያ አንድ ዓመት ለምዶታል። ይቅር ያላለው ደስ ማለቱን ነው። ያ ደስታ ፊቱ ላይ መውጣቱን ያወቀው ስንዱ ስታየው ነው። ትንሽ አየችው፣ ከዚያ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

“ሰኞ እሄዳለሁ” አለች ለሽማግሌዎቹ። “አነባለሁ፣ ራሴን አሻሽላለሁ።”

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ቆሎ ቀረበ፣ ብርዝ ተቀዳ። ሐጂ ኑርዬ “ለአራሷ አታስቢ፤ የእድሩ ሴቶች በየተራ ያርሷታል” አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፦ “ዓይንሽን ይክፈተው። ያነበብሽው ይደርብሽ። ከባልሽ እኩል ያድርስሽ።” ይርዳው አሜን አለ። ስንዱም አሜን አለች። ረድኤት መጋረጃውን ጥላ ገብታለች። አቶ ድልነሳው ሲወጡ በር ላይ የይርዳውን እጅ ጨብጠው ከሚገባው በላይ አቆዩት፤ ከዚያ ለቀቁት።

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስንዱ ጓዳ ሆና ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከት ነበር። ረድኤት አልጋው ላይ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተኝታለች። ይርዳው መጋረጃው ጋ ቆመ።

“ስንዱ፣ እኔ...”

“ተወው” አለች፣ ሹራቧን እያጠፈች። “ማንም አስሮ አላስነበበኝም። በደረጃ ሁለት የሚከፈተው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? እጅ አስተጣጠብ ነው። እኔ መጽሐፎቹን ነበር የምፈልገው፤ የሚከፈቱት ባንተ ስም ነው፣ ባንተ ስም አነበብኳቸው። ጥፋቱን እካፈልሃለሁ።” ሹራቡን አስቀመጠች። “የዛሬውን ሐፍረት ግን አልካፈልህም።”

ይርዳው መሬቱን አየ።

“አሁን የያዝኩት ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ነው” አለች፤ ድምጿ የእሑዱን ድምፅ መሰለ። “እነዚያ ግድብ ሊውጣቸው የነበሩ ሰዎች ከብታቸውን እየነዱ ወንዙ ዳር ደርሰዋል። አምስት ምዕራፍ ይቀራል። ስመለስ መጨረሻቸውን ትነግረኛለህ።”

“እሺ” አለ።

አስራ ሁለት ሲሆን የከተማው ደወል ተደወለ። የንባብ ሰዓት ነው። መንገዱ ላይ የነበሩ ልጆች ተጠርተው ገቡ፣ የጎረቤት ወፍጮ ቆመ፣ በየመስኮቱ አንገቱን ያቀረቀረ ሰው ታየ። ይርዳው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ መነጽሩን ለማንበብ ብሎ አደረገው። ምዕራፍ ዘጠኝ ተከፈተለት። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር አነበበ። ደገመው። በአራተኛው ጊዜም ቃላቱን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ምን እንደሚሉ አልያዝ አለው።

“ከመቀጠልዎ በፊት” አለ መነጽሩ፣ እንደ ወትሮው በትሕትና፣ “ባለፈው ምዕራፍ ልብዎን የነካው ምን ነበር?”

ለመልሱ የሚሰጠው ሁለት ደቂቃ ነው። አንዱ አለቀ። ቢጣራ ትሰማዋለች፤ መጋረጃ ብቻ ነው የሚለያቸው። ግን በየትኛው አፉ ይጥራት? ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ።

“ሽማግሌው በሬውን ጥሎ ላለመሻገር መመለሱ፣ በለው” አለች ስንዱ ከጓዳ።

“ስንዱ፣ እግዚአብሔር...”

“ላንተ ብዬ አይደለም” አለችው። የሻንጣው ዚፕ ሲሳብ ተሰማ። “ደረጃህ ከወረደ መጽሐፉ ይዘጋብኛል። በል፣ በለው።”

ይርዳው ዓይኑን ጨፍኖ፣ እሷ እንዳለችው፣ ቃል ሳይጨምር አለው።